ከቲክቶክ በፊት ሒሳብ፦ ለጎንደር ትንንሽ ሱቆች

ጎንደር ላይ የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጥ ነጋዴ በዋጋ የሚፎካከረው ጎኑ ካለው ሱቅ ጋር ብቻ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ማራኪ የምትኖር ደንበኛ ወደ ፒያሳ ከመውጣቷ በፊት፣ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ያለ ሻጭ በቴሌግራም የለጠፈውን ቀሚስ ከነዋጋው አይታ፣ ሁለት ሦስቱን አወዳድራ ነው የምትመጣው። ባልትናውም፣ ጫማውም፣ የስልክ ዕቃውም እንዲሁ ነው። ስልክ ለእኛ ደንበኛ ያመጣልናል፤ የእኛን ደንበኛም ለሌላው ያሳያል።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ቲክቶክ መክፈት፣ ገጽ ማሠራት፣ ለማስታወቂያ መክፈል ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ባይ ነኝ። መጀመሪያ የሱቁ ሒሳብ፣ ቀጥሎ የክፍያው ነገር፣ ከዚያ ዕቃውንና ዋጋውን ማሳየት ይመጣል፤ ማስታወቂያ ከሁሉም በኋላ ነው። ዕቃው ስንት እንደቆመበት በትክክል የማያውቅ ሰው ደንበኛ በበዛለት ቁጥር የሚበዛለት ኪሳራው ነውና።

በርበሬን እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስያ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ እናንተ የዕለቱን ዋጋ ተኩባቸው። 20 ኪሎ ዛላ በኪሎ 500 ብር ተገዛ፤ 10,000 ብር ሆነ። ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ 5 ኪሎ ቢጎድል 15 ኪሎ ይቀራል። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላና ሌላውም ቅመም 2 ኪሎ ያህል በ1,800 ብር ይገባበታል፤ 17 ኪሎ ይሆናል። ወፍጮ 400 ብር፣ የቀንጣሾች ጉልበት 800 ብር፣ ለ17 ማሸጊያ በ20 ብር ሒሳብ 340 ብር። ድምሩ 13,340 ብር ነው፤ ለ17 ሲካፈል አንዱ ኪሎ ወደ 785 ብር ቆመ ማለት ነው። በ900 ቢሸጥ የሚተርፈው 115 ብር ነው፤ የቤት ኪራዩና መብራቱ ደግሞ ገና አልተነኩም።

በብዙ ነጋዴ ልብ ውስጥ ያለው ሒሳብ ግን «በ500 ገዝቼ በ900 እሸጣለሁ» የሚል ነው። እናም ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዱ በ780 ሲሸጥ ያየ ሰው «280 ከተረፈኝ ምን አለበት» ብሎ እሱም በ780 ይሸጣል። በእያንዳንዱ ኪሎ 5 ብር እየከሰረ ገበያ የደራለት ይመስለዋል። ዱቤውም በዚህ ሒሳብ መታየት አለበት፦ አንድ ኪሎ በዱቤ ወጥቶ ቢቀር፣ የጠፋውን 785 ብር ለመመለስ ሌላ 7 ኪሎ ገደማ መሸጥ ያስፈልጋል። ይህን ሒሳብ ያወቀ ነጋዴ የት ድረስ ዋጋ ዝቅ ማድረግ እንደሚችል፣ የት ላይ «አይ» ማለት እንዳለበት ያውቃል። ለእኔ የተወዳዳሪነት መጀመሪያ ይህ ነው።

ይህን ለመያዝ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። ስልክ ላይ ያለ ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ ይበቃል፤ ጎግል ሺትስን የሚመርጥ ፋይሉን ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ አስቀድሞ ማስተካከል አለበት። ሁለት ገጽ ክፈቱ። ግዢው ላይ ቀን፣ የዕቃ ስም፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ተጨማሪ ወጪ። ሽያጩ ላይ ቀን፣ የዕቃ ስም፣ ብዛት፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ የክፍያ መንገድ፣ ዱቤ ከሆነ ስልክ ቁጥር። ከዚህ በላይ ዓምድ ያበዛ ሰው ሳምንት ሳይሞላው መሙላቱን ይተወዋል።

ሰንጠረዡ የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ቁጥር መግባት ያለበት ሳጥን ውስጥ «3 ኪሎ» ብሎ መጻፍ ነው፤ ፕሮግራሙ እንደ ጽሑፍ ያየዋል፣ ሲደምር ይዘለዋል፣ ስህተት አለ ብሎም አይነግራችሁም። 3 ብቻ ጻፉ፤ «ኪሎ» የሚለው የዓምዱ ራስ ላይ ይቀመጥ። ሁለተኛው የዕቃ ስም ነው። አንድ ቀን «በርበሬ»፣ ሌላ ቀን «የበርበሬ ዱቄት» ከተጻፈ እንደ ሁለት ዕቃ ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ስሙ ከዝርዝር እየተመረጠ እንዲገባ አድርጉ።

ሦስተኛውን በእኛ አገር የሚሠራ ሁሉ ያገኘዋል፤ የቀን ነገር ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2018ን «30/2/2018» ብላችሁ ስትጽፉ፣ ፕሮግራሙ ሁለተኛውን ወር የሚያውቀው እንደ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ስለሆነና ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል። «28/2/2018» ሲባል ግን ቀን ነው ብሎ ይቀበላል። ዓምዱ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆንና በቀን ልደርድር ሲሉ ይተረማመሳል። ጳጉሜን እንደ 13ኛ ወር ጭራሽ አይቀበልም። መፍትሔው ዓምዱን አስቀድሞ ጽሑፍ እንዲሆን ማድረግና ከዓመት ጀምሮ መጻፍ ነው፦ 2018-02-30። ወሩም ቀኑም ሁልጊዜ ሁለት አሃዝ ከሆኑ ድርድሩ ሳይዛነፍ ይሄዳል።

ማታ ሱቅ ሲዘጋ ሦስት ድምር ይያዝ፦ በእጅ ያለ ጥሬ ብር፣ በቴሌብር የገባ፣ በባንክ የገባ። ጠዋት መሳቢያ ውስጥ በነበረው ላይ የጥሬ ብር ሽያጩ ተደምሮ፣ የወጣው ተቀንሶ፣ ማታ ከሚቆጠረው ጋር መግጠም አለበት። ብዙ ጊዜ የማይገጥመው ስለተሰረቀ አይደለም። ደንበኛው 850 ብር ዕቃ ገዝቶ በቴሌብር 1,000 ይልክና «150 በእጄ ስጠኝ» ይላል። ሻጩ 850 ሽያጭ ብሎ ይመዘግባል፤ ማታ መሳቢያው 150 ይጎድላል፣ ቴሌብሩ 150 ይተርፋል፣ ልጁም ይጠረጠራል። ትክክለኛው አመዘጋገብ ሽያጭ 850፣ በቴሌብር የገባ 1,000፣ ከመሳቢያ የወጣ 150 ነው።

ወደ ክፍያው እንለፍ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ፣ ኤምፔሳ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ አለ፤ የባንኮቹ የሞባይል አገልግሎትም ተለምዷል። ደንበኛው ጥሬ ብር ሳይዝ መውጣትን ስለለመደ «በእጅ ብቻ» የሚል ሱቅ ገዢውን ወደ ጎረቤት ይሸኛል። ነገር ግን ክፍያ መቀበልና ብሩ መግባቱን ማረጋገጥ ለየብቻ ናቸው፤ ጎንደር ውስጥ ሱቆች የሚጎዱት በሁለተኛው ነው።

ማጭበርበሩ ጥቂት መልክ አለው። የተለመደው ደንበኛው የራሱን ስልክ አዙሮ «ይኸው ልኬያለሁ» ብሎ ማሳየቱ ነው። ያ ምስል የትናንት ሊሆን ይችላል፤ ስሙና መጠኑ የተቀየረም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ለእናንተ ስልክ መልዕክት መላክ ነው፤ ቃሉ ልክ እንደ ቴሌብር ተደርጎ ይጻፋል። መለያው ከላይ ያለው ላኪ ነው፦ እውነተኛው የቴሌብር መልዕክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከላይ 09 ወይም 07 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ ሰው የጻፈው ነው። ሦስተኛው ከሐሰተኛው መልዕክት በኋላ ደውሎ «በስህተት ነው የላክሁት፣ ልጆችህን ያኑርልህ መልስልኝ» ማለት ነው። ቀሪ ሒሳብ ሳይታይ ሳንቲም አይመለስም፤ ለምነውም፣ አልቅሰውም ቢሆን።

በንግድ ባንክ የተላከ ከሆነ ደረሰኙ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደላት በኤፍ እና በቲ የሚጀምር የግብይት ቁጥር አለ። ያንን ቁጥር ከራሳችሁ መልዕክት ወይም ከመተግበሪያችሁ ዝርዝር ጋር አስተያዩት። ከሌላ ባንክ የተላከ ብር ዘግይቶ ሊገባ ስለሚችል፣ ደንበኛውን ሳያስቀይሙ «ዕቃህን ለይቼ አስቀምጬልሃለሁ፣ እንደገባ ውሰድ» ማለት ይሻላል።

አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ባለቤቱ በሌለበት ነው። ሲሙ ከባለቤቱ ጋር አዘዞ ነው፤ ሻጯ ፒያሳ ናት፤ ሰልፍ አለ። «ጋሼ፣ 1,200 ገብቷል?» ብላ ትደውላለች፤ አይነሳም፤ በምስሉ አምና ትሸጣለች። ይህን በትንሽ ወጪ ማዳን ይቻላል። ለሱቁ ብቻ የሚሆን ሲም አውጡ፣ ሒሳቡን በእሱ ላይ ክፈቱ፣ ስልኩ ከሱቅ አይውጣ። የገባ ብር መልዕክት ለማንበብ የሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም፤ ለመላክና ለማውጣት ግን ያስፈልጋል። ቁጥሩ ባለቤቱ ጋር ይቆይ፤ ሻጯ መልዕክቱን ታያለች፣ ብሩን ግን ማንቀሳቀስ አትችልም። ስልኩ ባለ በተን ከሆነ የመልዕክት ሳጥኑ ሲሞላ አዲስ መልዕክት መቀበል ያቆማል፤ «ዛሬ ኔትወርክ አስቸገረ» ከሚባለው ውስጥ የተወሰነው ይህ ስለሆነ፣ የድሮው መልዕክት ከመዝገብ ጋር ከተመሳከረ በኋላ በየሳምንቱ ይጥፋ።

የግልና የሱቅ ሒሳብ መለየቱ ሌላም ጥቅም አለው። ቴሌብር ላይ እንደ መላና እንደኪሴ ያሉት የብድር አገልግሎቶች የሚያዩት የሒሳቡን እንቅስቃሴ ነው፤ ያለ ዋስትና ትንሽ ገንዘብ ለማግኘት በየቀኑ የሚገባ የሽያጭ ብር ይረዳል። ብዙዎች በስልክ መቀበልን የሚፈሩት በግብር ነው፤ ስጋቱን አላጣጥለውም። ግን ከወንድም የተላከ ብር፣ የዕቁብ ዕጣ፣ ብድር፣ ሁሉም በአንድ ሒሳብ ሲገባ ነው እንደ ሽያጭ የሚመስለው። ለብቻው የተያዘ የሱቅ ሒሳብና በየቀኑ የተሞላ ሰንጠረዥ ያለው ሰው የቀን ገቢ ግምት በዛብኝ ሲል የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። አቅራቢዎችንም በተቻለ መጠን ከዚያው ሒሳብ ክፈሉ፤ ብሩን አውጥቶ እንደገና መላክ የማውጫ ክፍያ ያስከትላል።

አሁን ቴሌግራም። ትልቁ በሽታ «ለዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ነው። ነጋዴው ተፎካካሪ ዋጋዬን እንዳያይ ብሎ ይደብቃል፤ ተፎካካሪው ግን ደንበኛ መስሎ ጠይቆ ካወቀው ቆይቷል። የሚቀረው ደንበኛው ነው፤ መልስ እስኪመጣ ሽሮ ሜዳ ያለውን ያዛል። ዋጋ ይጻፍ። ከሥሩ የዕቃ መለያ ቁጥር፣ መጠን፣ ቀለም፣ ሱቁ የሚገኝበት ቦታ ከታወቀ ምልክት ጋር፣ ስልክ ቁጥር። የተሸጠውን በዕለቱ «ተሸጧል» ብሎ ማረም ግዴታ ነው፤ ያለቀ ዕቃ ፍለጋ ከአዘዞ በባጃጅ የመጣ ደንበኛ ሁለተኛ አይመለስም።

ነጭ ቀሚስ ፎቶ ላይ ግራጫ የሚሆነው ካሜራው ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃኑ በዛ ብሎ ስለሚያጨልመው ነው። ነጩ ላይ በጣት ነክታችሁ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ግፉ። ቦታው የሱቁ በር ጥላ ሥር ይሁን፤ ቀጥታ ፀሐይ ጥለቱን ያፈዘዋል፣ የሱቅ አምፖል ደግሞ ቀለሙን ይለውጠዋል፤ «ያዘዝኩት ይህን ቀለም አይደለም» የሚል መላሽ የሚበዛው በዚህ ነው። አንድ ፎቶ ሙሉውን፣ አንድ ጥለቱን ከቅርብ፣ አንድ የስፌቱን ጀርባ። መጠን «ሚዲየም» ብቻ አይበቃም፤ የትከሻ ስፋት፣ ደረት፣ ወገብና ርዝመት በሜትር ተለክቶ በሴንቲሜትር ይጻፍ። ደግሞ ደንበኛ «ሀበሻ» ብላ ስትፈልግ «ሐበሻ» ተብሎ የተጻፈው ላይወጣላት ስለሚችል፣ ከጽሑፉ ግርጌ ሁለቱንም አጻጻፍ አስቀምጡ።

ከአዲስ አበባው ሻጭ ጋር በዋጋ ብቻ መፎካከር ከባድ ነው፤ እሱ ከሸማኔውና ከጅምላው ይቀርባል። እሱ የማይችለው ግን አለ፦ ጠዋት ያዘዘችው ከሰዓት በፊት ቤቷ መድረሱ፣ ለክታ ካልሆነላት መመለሱ፣ ወገቡ ሰፍቷት በዚያው ቀን መጥበቡ። ይህ በእያንዳንዱ ልጥፍ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፦ «ጎንደር ከተማ ውስጥ በዕለቱ እናደርሳለን፤ የባጃጅ ይህን ያህል፤ በ2 ቀን ውስጥ መቀየር ይቻላል»። ከዚያ ቃል መጠበቅ ነው። ለጥያቄ በ10 ደቂቃ የሚመልስ ሱቅ ብዙ ሺህ ተከታይ ያለውን ዝምተኛ ሱቅ ይረታል ብዬ አምናለሁ።

ለእንግዳ የሚሠራ ቤት፣ ማለትም ፔንሲዮን፣ ቡና ቤት፣ የጥልፍና የብር ጌጥ ሱቅ ደግሞ ጎግል ካርታ ላይ መኖር ከቴሌግራም ይበልጥ ያስፈልገዋል። እንግዳው የፋሲል ግንብን ጎብኝቶ ሲወጣ የሚያየው ካርታውን ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ስለማይሠራልን ምልክቱን በሳተላይት ምስሉ ላይ አጉልታችሁ በትክክል በሩ ላይ አስቀምጡት። ስልክ ቁጥሩ በ+251 ይጀምር፣ ዜሮው ይውጣ። የሥራ ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ፦ «ከ2 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት» የምንለውን በቀጥታ ካስገባችሁት ካርታው ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚከፈት ሱቅ ያደርገዋል። በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 8:00 እስከ ማታ 18:00 ተብሎ መግባት አለበት። ብዙ ክፍት ሱቅ ካርታው ላይ «ተዘግቷል» የሚባለው በዚህ ነው። ባለቤትነት ለማረጋገጥ ቪዲዮ ከተጠየቃችሁ ሳይቆራረጥ መንገዱን፣ ታፔላውን፣ በሩን በቁልፍ ስትከፍቱና ውስጡን በአንድ ጊዜ ቅረጹ። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ጥሩ ዋይፋይ ካለበት ላኩት።

ለማረፊያ ቤቶች ጥምቀት የፈተና ሰሞን ነው። ክፍሉ በስልክ ተሸጦ በኢንተርኔቱ የማስያዣ ገጽ ላይ ሳይዘጋ ከቀረ ለአንድ አልጋ ሁለት እንግዳ ይመጣል። በስልክ የተያዘ ክፍል ስልኩ እንደተዘጋ ወዲያው ከገጹ ይዘጋ። ቀኑም ይመርመር፦ ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ይውላል። በ2016 እንዲያ ነበር፤ በ2020ም እንዲያው ይሆናል። ዋጋውን በፈረንጅ ቀን አስቀድሞ የሚያስገባ ቤት በአንድ ቀን ይስታል።

ይህ ሁሉ ኢንተርኔት ሲኖር ነው። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለነበር ዕቅዱ ያለ ዳታም መቆም አለበት። መተግበሪያው ባይከፍትም የድምፅ ኔትወርክ ካለ *127# ለቴሌብር፣ *889# ለንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ፣ *847# ለሲቢኢ ብር ይሠራሉ፤ ሻጮች እነዚህን በቃላቸው ይወቁ። የኪውአር ወረቀቱ (ደንበኛው ለመክፈል በስልኩ ካሜራ የሚያነበው ኮድ) አጠገብ የሱቁ የመቀበያ ቁጥር በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ። የደንበኞች ስልክ ቁጥር፣ ስምና የገዙት ዕቃ በሰንጠረዡ ይቀመጥ፤ በወር አንዴም ወደ ወረቀት ይገልበጥ። ቴሌግራም ሲዘጋ «የጠየቁት 42 ቁጥር ጫማ ገብቷል» የሚል የጽሑፍ መልዕክት የሚልከው ይህ ዝርዝር ያለው ነው። መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ 4 ጊዜ ይሞላል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ኃይሉ ሲቀየር ስለሚባክን 2 ተኩል እስከ 3 ጊዜ ነው።

የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘነጋው የባለቤትነት ነገር ነው። ቻናሉን በራሱ ስልክ የከፈተው ተቀጣሪው ልጅ ከሆነ ለቴሌግራም ባለቤቱ እሱ ነው፤ ሥራ ሲለቅ ደንበኞቹን ይዞ መሄድ ይችላል። ቻናሉ በሱቁ ሲም ይከፈት፣ ልጁ አስተዳዳሪ ሆኖ ይሾም። አስቀድሞ በሌላ ስም የተከፈተ ከሆነ የአሁኑ ባለቤት ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከሚላከው ኮድ በተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) ያብራ፤ ይህ ከተደረገ ቢያንስ 7 ቀን ካልሞላ ቴሌግራም ባለቤትነት እንዲተላለፍ አይፈቅድም። ስለዚህ ልጁ ከመልቀቁ በፊት፣ በሰላሙ ጊዜ ይጠናቀቅ። የማረጋገጫው የይለፍ ቃልና የማገገሚያ ኢሜይሉ በወረቀት ተጽፈው ከንግድ ፈቃዱ ጋር ይቀመጡ።